ለእንግዳ የተቀመጠው ማጣሪያ

ሃብታሙ ቶሮንቶ ውስጥ ከሪጀንት ፓርክ ሰፈር ስትሪትካር በሚሉት የከተማ ባቡር እየተመላለሰ የሚማረው ናኖ ቴክኖሎጂ ነው፤ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ያሉት፣ ጀርም የሚያስቀር የውሃ ማጣሪያ ይሠራል። የመጀመሪያውን የላከው አገር ቤት ላሉት እናቱ ለወይዘሮ ትርፌ ነበር። ሆዳቸውን የሚያማቸው ከመንደሩ ምንጭ በሚጠጡት ውሃ እንደሆነ ሐኪም ነግሯቸዋል።

እሑድ እሑድ ይደውላል።

«እማዬ፣ ከማጣሪያው ይጠጣሉ?»

«እንዴታ ልጄ። አገር የመሰከረለት ውሃ እኮ ነው።»

ሕመሙ ግን ባሰባቸው። ሃብታሙ ጥፋቱን ከራሱ ሥራ ፈለገ፤ በረዶው እስኪቀልጥ እጁ ላይ የቀረውን የማጣሪያውን አምሳያ ደጋግሞ ፈተሸ፣ እንከን አጣበት። እናቱ በፋሲካ ሰሞን ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ ለእህቱ ለሆሣዕና ደወለ። «ማጣሪያው ተበላሽቶ ነበር?»

«ኧረ ደህና ነው፣ ወንድም ጋሼ። እማዬ ጥልፍ አልብሰው ለእንግዳ አስቀምጠውት ነበር። ቄሱ ወይ የሩቅ ሰው ሲመጣ ነው የሚከፍቱት። እሳቸውማ የምንጩን ነበር የሚጠጡት።»



«ለቀስተኛው ከሱ እየጠጣ ሲመርቅህ ነው የዋለው» አለች ቀጥላ። «አንድ ብቻ ሆኖ ተሻሙበት። ለአርባቸው ሁለተኛ ላክልን።»

ላከላቸው።