ኮቴው የቆመበት ቦታ

ነፋስ ስልክ፣ ጠዋት

በዚህች ከተማ ራዲዮ ጠጋኝ ሞልቷል። የሚያዳምጥ ራዲዮ ጠጋኝ ግን ከእኔ ሌላ አላየሁም። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ ነው። ሥራውንም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸ ቴፕ እየፈታሁና እየገጠምኩ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ የጎረቤት ራዲዮ ሲያጓራ ከመንገድ ላይ ሰምቼ የትኛው ዕቃው እንደተቃጠለ እናገራለሁ። ስለዚህ «በእርጅናዬ ካሴት ላወጣ ነው» ስል የሳቁ ሰዎች በማን ላይ እንደሳቁ አላወቁም።

ካሴቱ ዘፈን የለበትም። ክራርም ኦርጋንም የለበትም። አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢያዳምጠው ከነፋስ ስልክ ተነስቶ ለቡ ድረስ የተጓዘ እስኪመስለው ድረስ፣ ድምፅ ብቻ ተከታትሎ የሚሄድበት ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሻለሁ፦ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሲነሳ፣ የብየዳ ቤቶቹ መዶሻ፣ በቆርቆሮ ጣሪያዬ ላይ የወረደ የሐምሌ ዝናብ። የሰው ቃል አላስገባሁበትም። ቃል ከገባ ሰሚው ወሬውን ተከትሎ ይሄድና ድምፁን ይጥለዋል። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከማንም አልተዋስኩትም።

ለሁለተኛው ገጽ የሚያስፈልገኝ ውቂያ ነበር። ለቡ የሚኖሩት ደንበኛዬ ኦቦ ቱሉ ባለ ካሴት ራዲዮናቸውን ሊያሠሩ መጥተው ሳለ ማሳቸው ለቤት መሥሪያ ተለክቶ ችካል እንደተተከለበት፣ የዘንድሮው ውቂያም የመጨረሻቸው እንደሆነ አጫወቱኝ። በሬ ነዶ ሲያበራይ የሚሰጠውን ድምፅ ከእንግዲህ በዚያ መሬት ላይ ማንም አይቀዳውም። በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት መቅረጸ ድምፄን አንግቼ፣ ሁለት ማይክራፎን በሱፍ ካልሲ ጠቅልዬ ወጣሁ። ካልሲው የነፋሱን ፉጨት ይከላከላል። ይህም የእኔ ፈጠራ ነው።

እስከ ጎፋ በታክሲ ሄድኩ። ወያላው ገና ስገባ ጀመረኝ።

«አባባ፣ ለራዲዮው ሒሳብ ይጨምሩ! ወንበር ይዟል።»

«ጭኔ ላይ ነው ያለው። ደግሞ ራዲዮ አይደለም።»

«እንግዲያው ያዘፍኑትና በነፃ ይሂዱ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ የታክሲው በር ተስቦ ሲዘጋ ቀዳሁትና ትንሽ ቆይቼ አሰማሁት። ወያላው ዘወር ብሎ በሩን ማን እንደነካበት ፈለገ። አሁን የሳቁት በእሱ ነበር።

ላፍቶ

ከጎፋ ወዲያ ጋሪ ያዝኩ። መንገዱ ኮረኮንች ነው። በአንድ በኩል የታጨደ ማሳ፣ በሌላው በኩል ገና ጣሪያ ያልለበሰ የብሎኬት ቤት፤ የስሚንቶ ከረጢት የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቆልሏል። ባለጋሪው የመሣሪያዬን ሽቦ እያየ ሥራዬን ጠየቀኝ። ካሴት እንደማወጣ ነገርኩት።

«ዘፋኙ ማን ነው?»

«ዘፋኝ የለም። የፈረስህ ኮቴ አለ፣ የጋሪህ ጎማ አለ።»

«ሠርግ ላይ ማን ይጨፍርበታል ታዲያ?»

«አይጨፈርበትም። ይደመጣል።»

«እኔ ይህን ፈረስ ቀኑን ሙሉ ሳዳምጠው እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ገዝቼ ላዳምጠው?» አለኝ። ለሚገባው ሰው እንጂ ለሁሉ እንደማልሠራ ነገርኩት። ስወርድ ሒሳቡን ሲቀበለኝ «ስሜን እንኳ ይጥሩት እዚያ ላይ» አለኝ። ስም እንደማይጠራበት ደግሜ ማስረዳት ነበረብኝ። የቀረውን መንገድ የእርምጃዬን ድምፅ እየቀዳሁ በእግሬ ጨረስኩት።

ለቡ

ኦቦ ቱሉ አውድማው ላይ ነበሩ። የመጨረሻው የስንዴ ነዶ ተበትኗል፤ ሁለቱ በሬዎች፣ ቀዩ ዲማና ግራጫው ዳለቻ፣ ለመሄድ ቆመዋል። በባዶ ሆድ ሥራ አይጀመርም ብለው አሬራ በቅል አጠጡኝ፤ ቆሎም ዘገንኩ። ከዚያ አንዱን ማይክራፎን በወዲህኛው ጠርዝ፣ ሌላውን በወዲያኛው፣ ከገለባው ክምር ጀርባ በእንጨት ላይ ተከልኩ። ሰሚው ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ቢያደርግ በሬዎቹ ከግራ ጆሮው ወደ ቀኝ ጆሮው ሲዞሩ ይሰማዋል። ይህን የሚያስብ ባለሙያ ካለ ወጥቶ ይንገረኝ።

ቀና ስል የኦቦ ቱሉ ሚስት፣ አደ ጫልቱ፣ የታጠበ ነጠላ ለብሰው ከወዲህኛው ማይክራፎን አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ልጀምር፣ ጋሼ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ለለሚ የምልከውን ነዋ። ጎረቤቴ አረብ አገር ላለችው ልጇ በካሴት ነው የምትልከው። የእኛም ቀጂ መጣ ብዬ ነው የለበስኩት።»

ኦቦ ቱሉን አየኋቸው። ወደ ጎን ወሰዱኝ። ለሚ የበኩር ልጃቸው ነው። ባለፈው መንግሥት ጊዜ ወታደር ሆኖ ሄደ፤ መንግሥት ሲለወጥ ከመንደሩ አብረውት የሄዱት ተመለሱ፣ እሱ አልተመለሰም። ወሬውም አልመጣም።

«ለቅሶውን እንቀመጥ፣ ሰው ያልቅስልን፣ ይውጣልን ብላት እንቢ አለች» አሉኝ። «አሁን ደግሞ ለማን ነው የምትልከው? አድራሻ አለው? እኔ ለሞተ ሰው የምናገረው የለኝም። በሬዬን ልንዳበት።»

ሄደው በሬዎቹን ነዱ። ኮቴው ነዶው ላይ አረፈ። ያ ወር ሙሉ ያሰብኩት ድምፅ ነበር፤ ከታች ደረቅ፣ ከላይ ለስላሳ፣ በመሃሉ የበሬው ትንፋሽ። በዚያው ቅጽበት አደ ጫልቱ አፋቸውን ማይክራፎኑ ላይ አስጠግተው ጀመሩ።

ጣቴ ማቆሚያው ቁልፍ ላይ ነበር። ነዶው ይህ ብቻ ነው፤ ከተወቃ በኋላ ሌላ የለም። «እማማ፣ ቆዩኝ፣ ይህ ይለቅና ብቻዎን እቀዳዎታለሁ» ማለት እችል ነበር። ፊታቸውን አየሁና አልቻልኩም። ቁልፉንም አልነካሁትም።

የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ ቋንቋውን ከደንበኞቼ ስለለቀምኩ ቃል አላመለጠኝም።

«ለሚ፣ እናትህ ነኝ። ደህና ነን። ይህ የሚሰማህ ውቂያው ነው። አባትህ ነው የሚነዳው፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ለሰው ግን አይናገርም። ዲማ አርጅቷል። አንተ የምታውቀው ዳለቻ ተሽጧል፤ ይህ ልጁ ነው፤ በአባቱ ስም እንጠራዋለን። መሬቱን ለክተውታል። ስትመጣ ቤት በቤት ሆኖ መንገዱ እንዳይጠፋብህ። ወንዙን ይዘህ ውጣ፤ የሾላው ዛፍ ጋ ስትደርስ የማንንም ቤት አትጠይቅ፣ እኔን ጥራኝ። እሰማሃለሁ።»

እዚህ ላይ ኮቴው ቆመ። ቀና ብዬ ሳይ በሬዎቹም ኦቦ ቱሉም ከገለባው ክምር ጀርባ ናቸው። ዲማ ደክሞት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ጥቂት ቆይቶ ኮቴው ቀጠለ። አደ ጫልቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተነሱና ወደ ቤት ገቡ። ነዶው አልቆ ነበር። ኦቦ ቱሉ በሬዎቹን ፈትተው፣ ፊታቸውን ሳያሳዩኝ፣ መንሻቸውን አንስተው ገለባውን መግፋት ጀመሩ።

ወደ ቤት

ስመለስ ጋሪም አልያዝኩ፤ ላፍቶን በእግሬ አቋረጥኩት። ተበሳጭቼ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። የሰው ቃል የሌለበት ካሴቴ መሃል ላይ የሰው ቃል ገብቶበታል፤ ያውም የሚነቀል አይደለም፣ ከኮቴው ጋር ተጋምዷል።

ቤቴ ስደርስ መሽቶ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከመጀመሪያው ሰማሁት። በግራ ጆሮዬ አደ ጫልቱ ይናገራሉ። በቀኙ በሬዎቹ ይቀርባሉ፣ ይርቃሉ። «እሰማሃለሁ» ሲሉ ኮቴው ቆመ። ከዚያም በቀኝ ጆሮዬ ብቻ፣ ከገለባው ክምር ጀርባ ከተከልኩት ማይክራፎን፣ በጣም ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅ መጣ።

«ና፣ ለሚ። ቤትህ ና።»

ደግሜ ሰማሁት። ኦቦ ቱሉ ናቸው። ዲማ አልደከመውም ነበር።

በዚህ ከተማ እንደ እኔ የሚያዳምጥ የለም እላለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ግን እዚያው አውድማ ላይ ቆሜ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጥቂት እርምጃ ርቄ፣ የሰማሁት የደከመ በሬ ነበር። ከዚህ ጉዞ ይዤ የተመለስኩት ትምህርት ይኸው ነው፤ ለእኔ ዓይነት ሰው ቀላል አይደለም።

ካሴቴን አወጣዋለሁ። ውቂያው ግን አይገባበትም፤ ደብዳቤ ነው፣ የእኔ አይደለም። የታክሲው በር፣ የጋሪው፣ የእግሬ ድምፅ ይሄዱና አውድማው ጋ ሲደርሱ፣ ኮቴው ቆሞ በቆየበት ልክ ባዶ ቴፕ እተዋለሁ። የሚስቅ ይሳቅ።

ቅጂውን ለኦቦ ቱሉ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ። የሳቸውን ቃል መቁረጥ ለእኔ የቅጽበት ሥራ ነው፤ አልቆረጥኩትም። ብቻቸውን ሰምተውት፣ ለሚስታቸው ማሰማት አለማሰማቱን ራሳቸው ይወስኑ። ራዲዮናቸውን የጠገንኩት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፤ ያለው አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። ግራና ቀኝ ተለያይተው የሰማኋቸው ሁለቱ፣ እዚያ ከአንድ ቦታ ሆነው ልጃቸውን ይጠሩታል።