ቀይ ክር ያለበት ገጽ

በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብላ ባለች ደብር ይኖሩ የነበሩት ቁም ጸሐፊ መሪጌታ ቀለመወርቅ የሚመኩበት አንድ ነገር ነበር፤ እርሳቸው ፍቀው የጻፉበት ብራና ቀድሞ ሌላ ጽሑፍ እንደነበረበት ማንም አይለይም። መጽሐፍ ባለቤት በለወጠ ቁጥር በጸሎቱ መካከል የተጻፈውን የቀድሞውን ሰው የክርስትና ስም በቢላዋ ይፍቃሉ፤ ቦታውን በድንጋይ ያለሰልሳሉ፤ በዚያው ስፍራ የአዲሱን ስም ይጽፋሉ። የፊደሉ ውፍረትና አጣጣል ከፊተኛው ጸሐፊ እጅ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ የመቃ ብዕራቸውን ደጋግመው ይቀርጻሉ። ለሰው ግን እንዲህ ታግሠው አያውቁም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወይዘሮ ታንጉ የልጇን የብራና ዳዊት ለነጋዴው ለአያሌው በገብስ ሸጠች። ልጇ አዳነ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ነበር። በዳዊቱ ውስጥ በየአሥሩ መዝሙር ማብቂያ «ዕቀቦ ለገብርከ ገብረ ኢየሱስ»፣ አገልጋይህን ጠብቀው፣ የሚል ልመና ነበር፤ ገብረ ኢየሱስ የአዳነ የክርስትና ስም ነው። ታንጉ ማንበብ ስለማትችል ስሙ ካለባቸው ገጾች በአንዱ ጠርዝ ቀይ ክር ሰፍታ፣ በየጠዋቱ ጣቷን ከክሩ ትይዩ እያሳረፈች ትጸልይ ነበር።

«መሪጌታ፣ ይህቺን አንዷን ይተዉልኝ» አለች ክሩን እያሳየች። «የቀረውን ይፋቁት። ልጄ ጦር ሜዳ ነው ያለ።»

ስሙን ሊያስለውጥ ዳዊቱን ያመጣው አያሌው አጠገቧ ቆሞ ነበር። «እኔ በገዛሁት በሬ ያንቺ ማሳ ሊታረስ?» አላት።

«መጽሐፍ ሁለት ጌታ የለውም፣ ታንጉ» አሉ መሪጌታ። «ጎደሎ ሥራ ከእጄ አይወጣም።»

የአያሌው ስግብግብነት አዲስ ነገር አይደለም። መሪጌታ ግን የከለከሏት ስለ ገዛ ዝናቸው ነበር፤ ሥርዓት ብለው ጠሩት እንጂ። ከዚያም ቃል በቃል እያነበቡ፣ የልጁን ስም ብቻ እየለዩ ፋቁ፤ በየቦታው «ተክለ ማርያም» የሚለውን የአያሌውን የክርስትና ስም አስገቡ። ሁለቱ ስሞች በፊደል ቁጥር እኩል ስለነበሩ ቦታው አልጠበበም፤ አልተረፈምም።

በክረምቱ መግቢያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የአዳነን ሞት አረዳት። አስከሬን አልመጣም፤ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም፤ ለተዝካር የሚሆን እህልም አልነበራትም። ወደ መሪጌታ ሄዳ ዳዊቱን አንድ ጊዜ እንዲያሳዩአት ለመነቻቸው፤ እርሳቸውም ዳዊቱን ከአያሌው ተውሰው አመጡላት።

ክሩን ዳብሳ ገጹን ገለጠች። የብራናውን ቅጠልም ወደ ፀሐይ አቅንታ ያዘችው።

«ከስሙ ትንሽ ጥላ እንኳ አልቀረም፣ መሪጌታ?»

ጎንበስ ብለው አዩ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸው ተሳስቶ በተገኘ ብለው ተመኙ፤ የአንዲት ፊደል እግር ቀርታ እንደሆነ ፈለጉ። ብራናው ንጹሕ ነበር።

«አልቀረም» አሉ። መዋሸት ይችሉ ነበር፤ አልዋሹም። በዚያ ቀን የሚመሰገኑት በዚህ ብቻ ነው።

«ታዲያ አሁን እዚህ የማን ስም ነው ያለ?»

«የአያሌው።»

ታንጉ ጣቷን ከክሩ ትይዩ፣ ከለመደችው ቦታ መልሳ አሳረፈች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። መሪጌታም መጽሐፉን መልሺ ለማለት ድፍረት አጡ።