ሁለት በቅሎ የበላ ቃል

ከልብስ ሣጥኔ ሥር አንድ አሮጌ ግላስ አለኝ፤ በበቅሎ ኮርቻ ላይ የሚነጠፈው ጌጠኛ ጨርቅ ማለቴ ነው። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ አረንጓዴ ነው፤ መሐል ለመሐል የተሰፋበት ክር እስከ ዛሬ አልላላም። ያየው ሁሉ «ጨርቅ አልቆባቸው ነው?» ይለኛል። ጨርቅስ ሞልቶ ነበር፤ ያለቀብን በቅሎ ነው። በቅሎዎቹን ደግሞ ጅብ አልበላቸውም፣ ሌባም አልነዳቸውም። የበላቸው አንድ የእንግሊዝ ቃል ነው፤ ያውም ከማስነጠስ ያጠረ።

ልጅ እያለሁ፣ ዛሬ ናዝሬት የምንላት ከተማ አዳማ ስትባል፣ አቧራዋ እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አልነበረም። ጠዋት ነጭ ለብሶ የወጣ ሰው ማታ ሲመለስ እናቱ «የማን ልጅ ነህ?» ብላ ትጠይቀው ነበር። እኛ ልጆች ጆሯችንን ሐዲዱ ላይ ለጥፈን ባቡሩ ከሞጆ ተነሥቷል፣ አልተነሣም እያልን ስንከራከር እንውላለን። ሲደርስም የጋለ ብረትና የጢስ ሽታው ከገበያው በርበሬ ጋር ተደባልቆ አገሩን ሁሉ ያስነጥሰዋል። ከባቡሩ ጋር ፈረንጅ ይመጣል፤ ከፈረንጅ ጋር ደግሞ ቃል ይመጣል።

አባቴ ወርቁ የእህል ነጋዴ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ እየመራ አዋሽ ወርዶ፣ ሲመለስ «ራይት» የምትባል ቃል ይዞ መጣ። ሰውየው መንታ መንገድ በደረሱ ቁጥር ወደ ቀኝ እየጠቆመ ይላት ስለነበር፣ አባቴ ራይት ማለት ቀኝ ነው ብሎ ለሰፈሩ አወጀ። የልብ ወዳጁ ጋሽ ሰይድ ደግሞ ወሎ ተወልዶ አዳማ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት፣ ከባሕሩ ማዶ ዓደን ወደብ ላይ ጭነት ሲሸከም የኖረ ሰው ነው። እዚያ አለቃው ሚዛኑ በተስተካከለ ቁጥር «ራይት» ይል ነበርና፣ ለጋሽ ሰይድ ራይት ማለት ልክ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል ተያያዙ።

«ሰይድ፣ አንተ ኬሻ ተሸክመህ በሩቅ የሰማኸውን ነው የምታወራው። እኔ ከሰውየው ጎን ነበርኩ።»

«ከጎኑ ሆነህ ነዋ። ሰውየው ልክ ነህ ሲልህ አንተ ወደ ቀኝ እየታጠፍክ፣ አንበሳው በግራ በኩል አምልጧችሁ ቀረ።»

ገበያው ሳቀ። አባቴ ሲሳቅበት አይወድም። ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ «ቀኝ ብቻ ነው፤ በቅሎ» አለ።

የእኔ እኩያ የሆነ ሰው እዚህ ላይ ክው ማለቱ አይቀርም። ያኔ በሙግት መሐል «በቅሎ» ያለ ሰው ብረታ በቅሎዬን አጣለሁ ማለቱ ነው፤ ምራቅና ይህ ቃል ደግሞ ከወጡ አይመለሱም። ያለችን በቅሎ አንዲት ዳማ ነበረች። እህቴ አስካለ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ዓለም ጤና ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል። እዚያ በእግሯ የገባች ሙሽራ የልጅ ልጅ እስክታይ ድረስ «እግረኛዋ» እየተባለች ነው የምትኖረው። ጋሽ ሰይድ ይህን ሁሉ ያውቃል። ግን እሱም ወንድ ነውና «ልክ ብቻ ነው፤ በቅሎ» ብሎ የራሱን በቅሎ አስይዞ አጸናው።

ዳኛ አስፈለገ። የዚያን ጊዜ ዳኛ የሚፈለገው ከመንገድ ላይ ነው፤ «በሕግ አምላክ» ከተባለ አላፊ አግዳሚ የመቆም ግዴታ አለበት። የቆሙልን ከአርሲ በኩል ቅቤ ይዘው የሚመጡ ኦቦ ቱፋ የተባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቅላቸውን ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ «አካም ጅርቱ» እያሉ ገበያተኛውን አንድ በአንድ ሰላም ሲሉ የእኔ ጥርስ አንዱ ሳይወልቅ አልቀረም። ከዚያ እንደ ደንቡ የአባቴንና የጋሽ ሰይድን ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው አቆሟቸው። ጠዋት ከአንድ መሶብ የበሉ ሰዎች እንደ ባላጋራ ተቆራኝተው ፊታቸውን አዙረው ቆሙ።

ኦቦ ቱፋ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ስለዚህ ከጣቢያው አንድ የፈረንጅ አስተርጓሚ አስጠሩ። ጃንጥላ የያዘ፣ ቀጭን ሰው ነበር። ካስማሉት በኋላ ጠየቁት።

«ቀኝ ማለት ነው» አለ። የአባቴ አንገት አንድ ክንድ ረዘመ።

«ልክ ማለትም ነው» አለ። ጋሽ ሰይድ ጢሙን ዳበሰ።

እዚያ ላይ ያበቃል ስንል ሰውየው ቀጠለ። መብት ማለትም ነው አለ። ቀጥ ያለ ማለትም ይሆናል፤ አሁኑኑ ለማለትም ያገለግላል፤ የተጣመመውን ማቃናትም በዚሁ ይነገራል። እኔ አፌን እንደከፈትኩ ዝንብ ገብቶ ወጣ። አንዲት በርበሬ ሻጭ ደረቷን ይዛ «ኧረ ይኼ ቃል ስንት ቤት ነው የሚያድረው?» አለች።

ኦቦ ቱፋ ብቻ አልደነገጡም። «አንተ ቀኝ ብቻ ነው ብለሃል?» ብለው አባቴን ጠየቁ። አዎ አለ። «አንተስ ልክ ብቻ?» አሉት ጋሽ ሰይድን። እሱም አልካደም።

«እንግዲያው ሁለታችሁም በ‹ብቻ› ተረታችሁ። የተረታ ሰው ውርርድ ደግሞ የዳኛ ነው።»

ሁሉም ሰው ደንቡን ያውቀዋል፤ በንዴት መሐል ግን ማንም አላስታወሰውም። ኦቦ ቱፋ ቋጠሮውን ፈትተው፣ አንዷን በቅሎ ያለ ግላስ ጋልበው፣ ሌላዋን እየጎተቱ በመጡበት መንገድ ሲሄዱ ገበያው ግራና ቀኝ ተከፈለላቸው። ቅቤ ሊሸጡ የመጡ ሰው ናቸው፤ ቅቤውንም አልሸጡት።

እናቴ ወሬውን ስትሰማ አልጮኸችም። አባቴን ቀና ብላ አይታ «እንግዲህ ልጄን በራይት ጫናት» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሰይድ ሱቁን በጊዜ እየዘጋ ይመጣና፣ ሁለቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲተክዙ ያመሻሉ። የሠርግ ወቅት ስለሆነ በቅሎ የሚያውስ አልተገኘም። የሠርጉ ጠዋት ጋሽ ሰይድ አህያውን አጥቦ አመጣ። አስካለ አህያውን ስታይ ያነባችው እንባ የአዳማን አቧራ ለአንድ ሳምንት አስተኝቶታል።

ሚዜዎቹ ሊነሡ ሲሉ ኦቦ ቱፋ በዳማችን ላይ ተቀምጠው ከች አሉ። ሁላችንም እንደ ግድግዳ ቀጥ አልን። የሙሽራይቱን ነገር ገበያ ላይ ሰምተው ኖሯል።

«ሙሽራ አልተወራረደችም» አሉና ወረዱ። «ያችኛዋ የዳኝነቴ ናት፤ አልመልሳትም። ይህችን ውሰዱ።»

አባቴ ልጓሙን ለመያዝ እጁን ዘርግቶ ቆመ። «አባቴ፣ ለማንኛችን ናት፣ ለእኔ ወይስ ለሰይድ?» አላቸው።

«አሁንም ብቻ ልትሉኝ ነው?» አሉ ኦቦ ቱፋ።

ያን ጊዜ እናቴና የጋሽ ሰይድ ሚስት እትዬ ዘምዘም ሳይነጋገሩ ተነሡ። የእኛን ቀይ ግላስና የእነሱን አረንጓዴ ግላስ ለሁለት ለሁለት ቆርጠው፣ አንዱን ቀይ ግማሽ ከአንዱ አረንጓዴ ግማሽ ገጥመው በቆሙበት ሰፉት። አስካለ በዚያ ላይ ተቀምጣ ዓለም ጤና ገባች። ዳማም እስክታረጅ ድረስ አንድ ሳምንት እኛ ደጅ፣ አንድ ሳምንት እነሱ ደጅ ስታድር ኖረች። አባቴ ከዚያ በኋላ መንገድ ለጠየቀው ሁሉ፣ ቀኝ ላለማለት በአገጩ ነበር የሚጠቁመው።

ዛሬ የእህቴ የልጅ ልጅ የዚያን ቃል ትርጉም እየዘመረ ይደረድርልኛል፤ ማንም አይደነግጥም። ባለፈው አውቶቡስ ተራው አጠገብ ሁለት ነጋዴዎች ሊደባደቡ ሲሉ፣ የልጅነት ነገር ሆኖብኝ «በሕግ አምላክ» ብዬ ጮህኩ። አንድም ሰው አልቆመም። አንድ ጎረምሳ ብቻ ዞር ብሎ «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ።

ግላሱን የጋሽ ሰይድ ልጅ ከድጃም ትፈልገዋለች። እንቁረጠው ብንል ክሩ ላይ እጃችን እምቢ አለ። ስለዚህ አንድ ዓመት እኔ ጋ፣ አንድ ዓመት እሷ ጋ ያድራል። ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ልትወስደው ትመጣለች።