ጠፍጣፋው ዓሣና አርጃኖው

ትናንት ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ስልኳ ላይ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። በሆዱ በኩል የተነሣ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ነው። ይኸውልህ፣ ወዲያው የጨው ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ስልክ ይሸታል ወይ ትለኝ ይሆናል፤ እኔን ሸተተኝ።

በደርግ ጊዜ ጎፋ ነበርን። ታላቅ ወንድሜን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለብሔራዊ ውትድርና መዝግቦ ሰደደው፤ የራሱ ጎረምሳ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ይወፍር ነበር። ወንድሜ ከምጽዋ በጓደኛው እጅ ደብዳቤና አንድ የደረቀ ዓሣ ላከልኝ። መዳፌን አያክልም፣ ጀርባው አሸዋ ይመስላል። «ገልብጪውና ሆዱን እዪው፤ ፊት አለው። ማንን እንደሚመስል ጻፊልኝ» ይላል ደብዳቤው።

የሳይንስ መምህራችን እንስሳ ያለው ያምጣ ብሎ ነበርና ሆዱን ከክፍል ልጆች ጋር አየዋለሁ ብዬ ሳልገለብጠው በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። የሊቀመንበሩ ትንሹ ልጅ ደግሞ አባቱ ከአርባ ምንጭ ያስመጣውን፣ ገለባ የተጠቀጠቀበት አርጃኖ፣ ያን ግዙፍ የውኃ ዳር እንሽላሊት፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተሸክሞ መጣ። ጠረጴዛው አልበቃውም፤ ጅራቱ ወለል ነካ። መምህሩ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ «ተመሳሳይነት» እና «ልዩነት» ብሎ ጻፈ። ልዩነቱ እስከ ታች ሞላ። በተመሳሳይነት ሥር «ሁለቱም ሞተዋል» ያልኩት እኔ ነኝ። መምህሩ እንዳልሰማ ሆኖ፣ የሊቀመንበሩን ልጅ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ ለአርጃኖው አስጨበጨበ።

ልጁ ዓሣዬን በሁለት ጣቱ አንሥቶ «ይሄ የእናንተ ነው?» አለኝ።

«አይደለም፤ ወድቆ ያገኘሁት ነው» አልኩት።

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! አፍሬበት፣ ሳልገለብጠው እዚያው ጥዬው ወጣሁ። ደብዳቤውንም ሳልመልስ ቀረሁ፤ ሳላየው ምን ብዬ ልጻፍ? ነገ ዛሬ ስል ምጽዋ ተያዘች፤ የወንድሜም ወሬ ጠፋ። መርዶ ስላልመጣ እናቴ ልቅሶ አልተቀመጠችም። ጥቁር ልልበስ ስትል ሊቀመንበሩ «ልጅሽ ግዳጅ ላይ ነው፤ አታሟርቺ» ብሎ ተቆጣት። እሷ ጥቁር ሳትለብስ ሞተች። እሱ ዛሬም ላፍቶ ውስጥ አለ፤ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኛል። እኔም እመልስለታለሁ።

ትናንት ግን ፎቶውን አየሁት። እውነትም ፊት አለው፤ ዓይን የሚመስሉ ሁለት ቀዳዳዎች፣ ከሥራቸው ወደ ጎን ሳብ ያለ አፍ። ልጄ «እማ፣ ይስቃል እኮ» አለችኝ።

ወንድሜን ነው የሚመስለው። ጥርሱን ሳያሳይ ሲያሾፍብኝ ልክ እንደዚያ ነበር። ይህችን አንዲት መስመር ብቻ ነበር ከእኔ የጠበቀው።