የሲቲና በቅሎ ልብ

አሶሳ የእንስሳት ክሊኒክ የተቀጠርኩት ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቀን መጥረጊያ ሰጡኝ። ከሰዓት በኋላ አንድ ወይፈን ያዡን ረግጦ ሊያመልጥ ሲል ገመዱን ይዤ ያስቀረሁት እኔ ነበርኩ። ኃላፊያችን በመስኮት አይቶኝ ኖሮ፣ “እትዬ ዘነቡ፣ መጥረጊያውን ይተዉት፤ ከነገ ጀምሮ እንስሳ ይይዛሉ” አለኝ።

“የያዡንስ ቦት ጫማ ይሰጡኛል?” አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጫማውን ሰጡኝ።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በሰፈራ ከወሎ መጥቼ ከጎረቤቶቼ በርትኛ ለምጄ ስለነበር፣ ለባለ ከብቶቹ ማስተርጎሙም በእኔ ላይ ወደቀ።

እንስሳ መያዝ ጉልበት ብቻ አይደለም። ገመዱን ያሳጥሩታል፣ ከፊት እግሩ ጎን ይቆማሉ፣ ትከሻን ከትከሻው ያስጠጋሉ። በክሊኒካችን ግን ሁለት ልማድ ነበር፤ ሁለቱንም ጠልቻቸዋለሁ። በቅሎ ስትመጣ ጆሮዋን ጠምዝዘው ይይዟታል፤ ባለቤቷን ደግሞ ከአጥር ውጭ ያስቆማሉ። “ባለቤት ይጨቃጨቃል” ይላሉ። ንብረቱ ነው፣ ታዲያ ምን ያድርግ?

አንድ ሰሞን፣ መኪና ወደማይገባባቸው ቀበሌዎች የክትባት ሣጥን የምታደርስ በቅሎ ከነባለቤቷ ትቀጠር ተባለ። ሲቲና የምትባል ባል የሞተባት ሴት ከኩርሙክ በኩል በቅሎዋን እየሳበች መጣች። ልጆቿ የሚበሉት በዚያች በቅሎ ጀርባ ነው። የጭነት ሥራ ቀዝቅዞ ስለነበር ይህ ቅጥር ካመለጣት ሌላ የምትይዘው አልነበራትም።

እንደ ልማዳችን ሲቲናን ከአጥር ውጭ አስቁመው የበቅሎዋን ጆሮ ጠመዘዙ። ከትምህርት ቤት በቅርብ የወጣው ዶክተር ሙሉነህ ማዳመጫውን ከግራ ክንዷ ሥር አስገባ። ቆየ። “ልቧ እየሮጠ ነው፤ ምቱን መለየት አልቻልኩም” አለ።

ኃላፊው ወዲያው፣ “ታማለች። እነዚህ የድንበር ሰዎች የተበላሸውን ሁሉ ወደ እኛ ነው የሚነዱት። ትመለስ” አለ።

“ምን ሰምተው ነው?” አልኩት።

“ዶክተሩ ተናገረ እኮ!”

“ዶክተሩ መለየት አልቻልኩም ነው ያለው።”

ሙሉነህ ከሣጥኑ አንዲት ብልቃጥ አወጣ። ፕሮፕራኖሎል ትባላለች፤ የሰው የልብ መድኃኒት ናት። “ፍርሃት ልብን የሚያስሮጥበትን መንገድ ትዘጋለች” አለን። “አታድናትም፤ ሩጫውን ብቻ ታበርድልኛለች። ፍርሃት ብቻ ከሆነ ምቱ ይስተካከላል። ሕመም ካለም ልቧ ሲረጋ ይሰማኛል።”

“ጉዳትስ የለውም?” አልኩት።

“ልቧ የደከመ ከሆነ አሁን የቆመችው በዚያ ፍርሃት ጉልበት ሊሆን ይችላል። እሱን ስናነሳባት ልትወድቅ ትችላለች። ልትሞትም ትችላለች።”

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። “በቃ፣ ትወጋ።”

ገመዱን ለቀቅኩት። “ባለቤቷ ሳትሰማ መርፌ አይገባም።”

“እትዬ ዘነቡ፣ እርስዎ ያዥ ነዎት!”

“አዎ። አልይዝም።”

ወደ አጥሩ ሄጄ ለሲቲና ሁሉንም በበርትኛ ነገርኳት፤ ልትሞት እንደምትችልም አልደበቅኩም።

“ካልተወጋችስ?” አለችኝ።

“ዛሬውኑ ትመለሻለሽ።”

አጥሩን አልፋ ገባችና በገበያ አማርኛዋ ሙሉነህን ጠየቀችው፦ “አንተ ልጅ፣ እሱ ከሞተ ምን ትሰጠኛለህ?”

“ምንም የለኝም፣ እናቴ።”

“ወላሂ፣ እውነት ተናገረ” አለች። “ውጋ። ግን ጆሮ ልቀቅ። ራስ እኔ ነው የምይዘው።”

ሙሉነህ የበቅሎዋን የአንገት ደም ሥር አግኝቶ መድኃኒቱን ቀስ እያለ ገፋ፤ ይገፋል፣ ያዳምጣል፣ ይገፋል። በድንገት የበቅሎዋ ጉልበት ታጠፈ። ኃላፊው ወደ ኋላ ሸሸ። የሙሉነህ እጅ ልብን መልሶ ለማንሳት አጠገቡ ወዳዘጋጀው ሌላ መርፌ ሄደ። እኔ ትከሻዬን ከጎኗ ተክዬ ክብደቷ ሲመጣብኝ ይሰማኛል።

ሲቲና ጸሎት የምታደርስ መስሎኝ ነበር። ለካ በቅሎዋን በበርትኛ እየሰደበቻት ነው። “አንቺ የማሽላ ሌባ! የጎረቤት ጎተራ ስትዘርፊ ጉልበት ነበረሽ፤ ቁሚ!”

ቆመች።

ሙሉነህ እንደገና አዳመጠ። “ረጋ” አለ፤ ፊቱ ግን አልፈካም። ማዳመጫውን ለኃላፊው፣ ቀጥሎ ለሲቲና፣ ቀጥሎ ለእኔ ሰጠን። ዱብ… ዱብ ዱብ… ዝም… ዱብ። “ጤነኛ በቅሎም ስትረጋ አንዳንዴ አንድ ምት ትዘላለች፤ ግን በተራ ነው። ይኼ ተራ የለውም። ዳገት ላይ ትወድቃለች።”

“አላልኩም?” አለ ኃላፊው።

“ብለዋል። ያሉት ግን ሳይሰሙ ነው። ደግሞ ያሉት ስለ በቅሎዋ ብቻ አልነበረም” አልኩት።

ሲቲና የበቅሎዋን ጆሮ እየደባበሰች፣ “ስንት ዳገት አስወጥቻታለሁ!” አለች በበርትኛ። በቅሎዋን ይዛ ወደ በሩ ስታመራ እንደገና ኃላፊውን ያዝኩት። “የታመመችው በቅሎዋ ናት እንጂ ሴትዮዋ አይደለችም። ሌላ ካመጣችስ?”

“ካመጣች… እንደማንኛውም ትመርመር።”

“ጆሮዋ ሳይጠመዘዝ፣ ባለቤቷ ራስጌ ቆማ።”

“እሺ! በቃ እሺ አልኩ እኮ!”

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲቲና የወንድሟን በቅሎ ተውሳ መጣች። የዚህችኛዋ በቅሎ ስንፍና ሌላ ነው፤ ከበሩ እስከ መመርመሪያው ድረስ ገፍተን አስገባናት። ሲቲና ራሷን ይዛላት ሳለ የበቅሎዋ ልብ በዝግታ፣ በተራ ይመታ ነበር። መርፌ አላስፈለገም። ሣጥኑን ጫኑላት። የታመመችው በቅሎ ጭነት ተነሥቶላት ቤት ዋለች፤ ክረምቱን ግን አላለፈችውም።

ያ መድኃኒት ጡረታ እስክወጣ ድረስ የተወጋው ለጥቂት እንስሳት ነው። ብዙዎቹ ባለቤታቸው አጠገባቸው ሲቆም ልባቸው በራሱ ይረጋል። በሚሮጥ ልብ ላይ አይፈረድም። መጀመሪያ ይረጋጋል፣ ከዚያ ይደመጣል፤ የተሰማውም ክፉ ቢሆን እንኳ ለባለቤቱ ይነገራል።