የብረት ለበሱ ጭንቅላት

ከሚሴ አውራ ጎዳና ዳር ባለው ጎሚስታ በር ባለፍኩ ቁጥር የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬን ይይዘውና እግሬ ሳላዘው ይቆማል። ለሌላው ሰው የተቀደደ ከመነዳሪ የሚለጠፍበት ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ወንድሜ ሰይድ በክብሪት እንጨት ጫፍ እየጨለፈ፣ እፍ እያለና እያደረቀ የፕላስቲክ ሰው ሲገጣጥምበት የነበረው የጓዳችን ሽታ ነው።

ካርቶኑን ያመጡት አጎቴ ያሲን ነበሩ። የእናቴ ብቸኛ ወንድም ሲሆኑ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዱ ነበር፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤታችንን እየጠየቁ ስኳሩንም ደብተሩንም የሚያቀርቡልን እሳቸው ነበሩ። በዚያ በጋ፣ በጨፋ ሜዳ ማሽላው ታጭዶ የአገዳ ቆረንጮ ብቻ በቀረበት ሰሞን፣ ወደብ ላይ ከአንድ መርከበኛ በሲጋራ ለወጥኩት ብለው ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ላዩ ላይ ከእግር ጥፍሩ እስከ አናቱ ብረት የለበሰ ግዙፍ ሮቦት ጋሻውን ይዞ ቆሟል፤ ጽሑፉን ግን የሚያነብልን አልተገኘም። ስንከፍተው እንደ መስኮት ፍርግርግ በተያያዙ ቀጫጭን ዘንጎች ላይ የተንጠለጠሉ ቁርጥራጮች ብቻ አገኘን። ተሰብሮ የመጣ መስሎኝ አለቀስኩ።

«አልተሰበረም፤ ገና አልተሠራም» አለኝ ሰይድ።

በልጉን ሙሉ ሠራነው። አብሮት የመጣው ማጣበቂያ በአሰብ ሙቀት ደርቆ ስለነበር ሰይድ ከጎሚስታው ማስቲሽ ለምኖ መጣ፤ ቁርጥራጮቹን በምላጭ ከዘንጉ እየለየ፣ የተረፈውን ሹል በድንጋይ እየሞረደ፣ በወረቀቱ ላይ ያሉትን ስዕሎች በጣቱ እየተከተለ ሲገጥም እኔ ትንንሾቹን በሰሃን ይዤ እጠብቀው ነበር። ክርኑን፣ ጉልበቱንና አንገቱን ማስቲሽ እንዲነካው አይፈቅድም ነበር፤ መንቀሳቀስ አለባቸውና። ተሠርቶ ሲያልቅ ስሙን ብረት ለበሱ አልነው። ሰይድ በየቀኑ አቋቋሙን ይለውጠው ነበር፤ አንድ ቀን ጋሻውን ወደ ፊት አስገፍቶ፣ ሌላ ቀን ትከሻውን ሰበር አድርጎ ሩቅ እንደሚያይ ሰው አቁሞት እናገኘዋለን።

«ቀጥ አድርገሽ ካቆምሽው ዕቃ ነው» ይለኝ ነበር፤ «አንድ ጉልበቱን ትንሽ ካጠፍሽው ግን የሚያስብ ይመስላል።»

እናቴ ግን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። ሰው የሚመስል ምስል ባለበት ቤት መላኢካ አይገባም ብላ፣ ይህን ጣዖታችሁን ከፊቴ አንሱልኝ እያለች ከሰይድ ጋር ስትጨቃጨቅ ከረመችና በመጨረሻ ሼሁን ጠየቀች። ሼሁም ጭንቅላት የሌለው ምስል እንደ ዛፍ ነው፣ አይከፋም አሏት። ስለዚህ የሶላት ሰዓት በደረሰ ቁጥር የብረት ለበሱን ጭንቅላት ጠቅ አድርጎ ማውለቅና በሻይ ቅጠል ጣሳ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሰግዳ ስትጨርስም መልሶ መግጠም የእኔ ሥራ ሆነ። ጎረቤቶቻችን ይህን አውቀው ይስቁብን ነበር። ብረት ለበሱ ዛሬ ስንቴ ታረደ ይሉኛል።

ክረምት ሲገባ የሰይድ ስም ለብሔራዊ ውትድርና ከተጠሩት ስሞች ጋር ተነበበ። የአጎቴ ልጅ ከማልም ነበረበት። ሰይድ በዚያው ቀን ከቤት ጠፋ፤ እናቴም ለጠየቃት ሁሉ አሰብ ሥራ ፍለጋ ሄዷል ትል ጀመር። እሱ ግን ከጓሯችን ጀምሮ እስከ ቦርከና ወንዝ በተዘረጋው ማሽላ ውስጥ ነበር። ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ከጓሮ መስኮታችን አሥር እርምጃ እስኪቀረው ድረስ ቆሞ ስለነበር፣ ሰይድ አገዳው መካከል ሆኖ መስኮቱን ያያል፤ በመስኮቱ ላይ ደግሞ ብረት ለበሱ ቆሟል። ጭንቅላቱ ካለ ቤት ውስጥ እንግዳ አለ፣ አትምጣ ነው። ጭንቅላቱ ከወለቀ ቤቱ ሰላም ነው፣ ግባና ብላ። ያየ ሰው ቢኖር እንኳ ሴትዮዋ ልትሰግድ ነው ከማለት ሌላ ምን ይጠረጥራል? ይህን ዘዴ ያወጣው ሰይድ ነው። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር።

ለአጎቴ ግን ነገርኳቸው። ሮቦቱን ያመጡልን እሳቸው፣ ለሰይድ ደህንነት ከእናቴ እኩል የሚጨነቁ የሚመስሉትም እሳቸው ነበሩ፤ እኔም በወንድሜ ብልሃት እኮራ ስለነበር አላስቻለኝም። እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ ራሴን ዳበስ አደረጉና «ጎበዝ ናችሁ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ኅዳር ላይ አጨዳው ከመንገዱ በኩል ጀምሮ ወደ እኛ ጓሮ ሲቃረብ የሰይድ መደበቂያ ከቀን ወደ ቀን እየጠበበ መጣ። እናቴ ሰንበቴ ገበያ ወረደች፤ ከብት ሸጠው ወደ ቆላ ከሚመለሱ ነጋዴዎች ጋር ልትነጋገር፣ በማግስቱም ሰይድን ይዘውላት ሊሄዱ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነበር የቀረን።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቴ መጡ። መኪናቸውን እንደ ወትሮው በራችን ላይ ሳይሆን ከጎሚስታው ማዶ አቁመው በእግራቸው መጡ፤ የኋላው ሸራ ተወጥሮ መታሰሩንም አይቻለሁ። በሩን ሲያንኳኩ እንደታዘዝኩት ጭንቅላቱን ገጥሜ ነበር የከፈትኩላቸው። «አካም ጅርታ፣ ሐዋዬ» ብለው ስሜን አቆላምጠው ሰላም አሉኝና ገቡ፣ ውሃ አስቀድተው ውዱእ አደረጉ፣ የእናቴን መስገጃ ራሳቸው አነጠፉ።

«የአስር ሶላት ደርሷል። የዚህን ነገር ጭንቅላት አውልቂልኝና ልስገድ።»

«ሰው እያለ አይወልቅም፤ ሰይዶ ነው ያለኝ» አልኩ።

«እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?»

አፈርኩ። ጠቅ አድርጌ አወለቅኩት።

እሳቸው ሶላታቸውን ጀመሩ። ለሱጁድ ግንባራቸውን መስገጃው ላይ ሲደፉ አገዳው ተንኮሻኮሸና ሰይድ ብቅ አለ፤ ርቦት ስለነበር እየፈጠነ ነበር የሚመጣው። ጓሮውን ሳያጋምስ ሁለት ታጣቂዎች ከአጥሩ ጥግ ተነሡበት፣ ሦስተኛው በጀርባው መጣ። እኔ ስጮህ፣ እጁን የኋሊት ሲያስሩት፣ አጎቴ ግንባሩን ከመስገጃው አላነሳም። እንደዚያ የረዘመ ሱጁድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼ አላውቅም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በልቤ አንቱ ብዬው አላውቅም።

ሰይድ አንድ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ቆሞ ነበር። አጎቴን ከቆመበት ሊያየው አይችልም። መስኮቱን አየ፣ ብረት ለበሱን አየ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን የያዘውን እጄን አየ። እኔ እንደጠራሁት እያሰበ ነው የሄደው።

እናቴ ስትመለስ አጎቴ ከእሷ እኩል አለቀሰ። ለብቻዋ አግኝቼ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳት። «ልጄን ወሰዱብኝ፤ ወንድሜን ደግሞ አንቺ አትውሰጂብኝ» አለችኝ። በዚያው ሰሞን የአጎቴ ልጅ የከማል ስም ለውትድርና ከተጠሩት ውስጥ ተሰረዘ ተባለ፤ ጥር ላይ ከአባቱ መኪና ጋቢና ተቀምጦ በበራችን ሲያልፍ እጁን አውለበለበልኝ። እናቴም መልሳ አውለበለበችለት።

ደርግ በወደቀ ጊዜ ወታደሮች ጫማቸው አልቆ በከሚሴ መንገድ ሲያልፉ፣ እኔና እናቴ ዳር ቆመን ውሃ እየሰጠን የእያንዳንዱን ፊት አየን። ሰይድ አልነበረበትም። ሞቷል ብሎ የነገረንም የለም።

አሁን እናቴ አርጅታለች፤ ጓሯችን ድረስ ቤት ተሠርቶ ማሽላው ከመስኮታችን አይታይም። ያኔ ጭንቅላቱን የማወልቀው መላኢካ እንዲገባልን ነበር፤ እናቴ ዛሬም ስትሰግድ አወልቅላታለሁ። አጎቴ መኪናውን ሸጦ በየዒዱ ሊጠይቀን ይመጣል። የአስር ሶላት ሲደርስ መስገጃውን ያይና ቀና ብሎ መስኮቱን ያያል፤ እኔ ከተቀመጥኩበት አልነሳም። አንድም ቀን አውልቂልኝ ብሎኝ አያውቅም። መስጊድ ልድረስ ብሎ ጫማውን ያጠልቃል፣ እናቴም ምነው እዚሁ አትሰግድም፣ አንተ እንግዳ ነህ እንዴ ትለዋለች።

የብረት ለበሱ ጭንቅላት አንገቱ ላይ ነው። እንግዳ አለ ማለት ነው።