ላብ የሌለው ማሊያ

በዚያ የአትሌቲክስ ክለብ ስለ ሯጮቹ እውነቱን ማወቅ የፈለገ ሰው አሰልጣኙን መጠየቅ አያስፈልገውም። ከተመልካቾች መቀመጫ ሥር ወዳለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይውረድ። እዚያ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ላብ ሲያጥቡ የኖሩ ሴትዮ አሉ። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ትልቁም ትንሹም «እትዬ ሳሙና» ነው የሚላቸው። ቅር አይላቸውም። «ካልሲ ብለው ቢጠሩኝ ይሻል ነበር?» ይላሉ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛዋ ጨዋ ናት፤ ሁለተኛዋን ግን እትዬ ሳሙና «አማቴ» ብለዋታል። ማንም ሳይነካት ታጉረመርማለች፣ ስትጨርስ ደግሞ ግድግዳውን ሳትደበድብ አትቆምም። ከበሩ ትይዩ ሰላሳ ስድስት ማንጠልጠያ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ሯጭ የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ከማንጠልጠያው በላይ ተጽፏል፣ በማሊያው አንገት ውስጥና በካልሲው አፍ ላይም በቀይ ክር ተሰፍቷል።

የሮጠ ሰው ማሊያ ሲደርቅ ጀርባው ላይ ነጭ የጨው መስመር ያወጣል። እትዬ ሳሙና ይህን መስመር እንደ ደብዳቤ ያነቡታል። «ቁጥር ሰባት ጀርባው ላይ ካርታ ይስላል። ቁጥር ሃያ ብብቷ ሥር ብቻ ነው። ጉንፋን የጀመረውን ሳያስነጥስ አውቀዋለሁ» አሉኝ ጨዋታቸውን ልሰማ በወረድኩበት አንድ ከሰዓት፣ ካልሲ እያጣመሩ። እኔም ማጣመር ያዝኩ፤ እሳቸው ጋ እጅን አጣጥፎ ወሬ መስማት አይቻልም።

ያን ቀን ያጫወቱኝ ስለ ቁጥር አስራ አራት ነው። የአምስት ሺህ ሜትር ሯጭ ናት፤ ከቅጥነቷ የተነሳ ጓደኞቿ «ሽቦ» ይሏታል። ባለፈው ዓመት በትልቅ ውድድር አሸንፋ ክለቡን በአንድ እግሩ አቁማው ነበር። ዘንድሮ ለማጣሪያው ውድድር አምስት ሳምንት ሲቀረው ማሊያዋ ተለወጠ። እርጥብ ሆኖ ይመጣል፣ ሲደርቅ ግን ጨው የለውም። አንገቱ ላይ እድፍ አይታይም። ሽታውም የቧንቧ ውሃ ነው።

«አማቴ አበላሸችው እንዳልል፣ ገና ማሽን አልገባም። በሳምንቱ ገባኝ። ልጅቷ አትሮጥም። ማሊያውን ቧንቧ ሥር እያራሰች ነው የምታመጣልኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቀለድኩባት» አሉና የያዙትን ካልሲ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልምምድ በኋላ ሯጮቹ ልብስ ሊያስረክቡ በር ላይ ተሰልፈዋል። እትዬ ሳሙና የሽቦን ማሊያ ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩ። «እናንተ! ቁጥር አስራ አራት ዘንድሮ የምትሮጠው ቧንቧ ውስጥ ነው እንዴ? ልጄ፣ ላብሽን ለማን አዋስሽው?»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ከኋላ «እትዬ፣ ሽቦ አያልበውም፣ ይዝጋል እንጂ!» ብሎ ጨመረበት። ሽቦም ሳቀች። እንዲያውም ቀድማ የሳቀችውም፣ ከሁሉም በላይ የሳቀችውም እሷ ነበረች።

በማግስቱ የታጠበ ማሊያዋን ሳትወስድ ቀረች። በሁለተኛውም ቀን ማንጠልጠያው ላይ ዋለ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ «ሆዷን አሟታል» አለች። በሦስተኛው ቀን እትዬ ሳሙና ማሊያውን አጥፈው በብብታቸው ይዘው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ወደ ሯጮቹ መኝታ ክፍል ሦስት ፎቅ ወጡ።

ሽቦ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ቱታዋን ለብሳለች፣ የመሮጫ ጫማዋም ከእግሯ አልወለቀም፤ ክሩ በደንብ ታስሯል። በመስኮቱ እጀታ ላይ የተንጠለጠለው ሜዳሊያ ፎጣ ጣል ተደርጎበታል።

«ሽቦዬ፣ ማሊያሽን አመጣሁልሽ።»

«እዚያ ያስቀምጡልኝ፣ እትዬ።»

«እግርሽን ነው ያመመሽ?»

«እግሬ ደህና ነው። እኔ ነኝ ደህና ያልሆንኩት።»

እትዬ ሳሙና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሽቦ መናገር ጀመረች። ካሸነፈችበት ቀን ጀምሮ ነው። ሁሉም እልል ሲል እሷ ምንም አልተሰማትም። ድካም መስሏት ጠበቀች፤ አልሄደም። እንቅልፍ ራቃት፣ ምግብ ወረቀት ወረቀት አላት። «ጠዋት ጫማዬን እስከማሰር ድረስ እችላለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው የማልችለው። ከነሱ ጋር እወጣና የውሃ ፓምፑ ቤት ጀርባ እቀመጣለሁ። ሲመለሱ ራሴን አርሼ እቀላቀላለሁ።»

«እኔን! እኔ ደግሞ ሰው ፊት ሳቅኩብሽ።»

«እኔም ስቄ ነበር እኮ።»

«እሱ ነው ያስፈራኝ» አሉ እትዬ ሳሙና። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በቀጥታ ጠየቋት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትደብቂኝ። መሞት ያሰኝሻል?»

«ባልነቃ እላለሁ። አንዳንዴ ከዚያም የባሰ አስባለሁ።»

«እንግዲያው ተነሽ። አብረን እንሄዳለን፣ አሁኑኑ።»

«እትዬ፣ በናትዎ! አሰልጣኙ ካወቀ ከክለቡ ያስወጣኛል። ሰነፍ ይለኛል። ሩጫ ከሌለ እኔ ምንድን ነኝ?»

«መጀመሪያ ኑሪልኝ፤ የቀረውን ያኔ እንነጋገርበታለን።»

አሰልጣኙ ቢሮው ውስጥ የሰዓት መያዣውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወረቀት ሲጽፍ አገኙት። የሆነውን ሰማ። እስክሪብቶውንም አላስቀመጠም።

«እግሯ ደህና ከሆነ ምኗን ነው የታመመችው? እትዬ፣ ማጣሪያው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። እንዲህ ያለውን ስንፍና እኔ...»

«ቁጥር ስድስት!» አሉት።

አሰልጣኙ ቀና አለ። በሩጫ ዘመኑ የነበረ ቁጥሩ ነው፤ በዚያ ቁጥር ከተጠራ አስራ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«አንተም በመጨረሻው ዓመትህ ጨው የሌለው ማሊያ ታመጣልኝ ነበር።»

«ያኔማ ጉልበቴ ነበር፣ እትዬ። ሁሉም ያውቃል።»

«ሁሉም ይወቅ። ማሊያህን ያጠብኩት ግን እኔ ነኝ። ጉልበትህ ነበር?»

አሰልጣኙ የሰዓት መያዣውን ቁልፍ ተጫነ፣ አስነሳው፣ አቆመው፣ ደግሞ አስነሳው። ሽቦ ወለል ወለሉን ታያለች።

«አልነበረም» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ደግሞ አይቼ ዝም አልኩህ። ሰንፎ ነው ብዬ። በዚያው ሩጫውን ተውከው። ይቺን ደግሞ ቀለድኩባት። ሁለት አጥፍቻለሁ፣ ሦስተኛ አልጨምርም።»

አሰልጣኙ ወንበሩን ስቦ ወደ ሽቦ ቀረበ። እሷን ሲያነጋግር ይህን ያህል ቀስ ያለ ድምፅ ከእሱ ወጥቶ አያውቅም። «ጠዋት ስትነቂ ሰው ደረትሽ ላይ የተቀመጠ ይመስልሻል?»

«አዎ።»

«እኔም እንደዚያ ነበርኩ» አለና ስልኩን አንስቶ የክለቡን ሐኪም ጠራ።

በዚያው ቀን ሐኪሙ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ወሰዳት፤ እትዬ ሳሙናም «እኔ ሳልኖር አማቴን እንዳታስነሷት» ብለው አብረው ሄዱ። መድኃኒት ተሰጣት፤ በየሳምንቱም ከሐኪሟ ጋር መነጋገር ጀመረች። ሌሊት ብቻዋን እንዳትሆን ለመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ሁሉ ነገር ተነገራት። አሰልጣኙ በኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ «ጉዳት ላይ ያሉ» በሚለው ርዕስ ሥር፣ በቁርጭምጭሚት ወለምታና በጭን ጡንቻ መሸማቀቅ መካከል ቁጥር አስራ አራትን ጻፈ። ከመጻፉ በፊት ግን ጠይቋት ነበር። «ይጻፉት፣ መደበቅ ደክሞኛል» ነው ያለችው።

ማጣሪያው አመለጣት። የውድድሩ ዕለት ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ የጓደኞቿን ማሊያ ገመድ ላይ ስታሰጣ ዋለች፤ እያለቀሰች ነበር ያሰጣችው። የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር። መድኃኒቱ አፏን ያደርቀዋል፣ እንቅልፏም ገና አልተመለሰም። በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት «እትዬ፣ እራበኝ» አለቻቸው። እትዬ ሳሙና ይህን ሲነግሩኝ ድል የነገሩኝ ያህል ነበር። ከዚያ አሰልጣኙ አስር ደቂቃ በእርምጃ አስጀመራት፣ ቀጥሎ አስር ደቂቃ በሶምሶማ።

በአራተኛው ወር አንድ ቀን ሰልፉ በር ላይ እንደተለመደው ቆሟል። እትዬ ሳሙና የሽቦን ማሊያ ተቀበሉ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አቤት ግማትሽ! መስኮት ክፈቱልኝ!»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ዞሮ ሽቦን አየ። እሷ መጀመሪያ ግራ ተጋባች፤ ከዚያ ቀስ እያለ ሳቁ መጣ። የመዳፍ ስፋት የምታህል ጨው ነበረች ጀርባው ላይ። ያን ማሊያ አማቴ አልነካችውም፤ እትዬ ሳሙና በእጃቸው አጠቡት።

«ታዲያ አሁን ድናለች?» አልኳቸው።

መልስ ሳይሰጡኝ በሩ ተከፈተና ቀጭን ልጅ ገባች። እጇ ላይ እንደታጠፈ የዋለ ደረቅ ማሊያ ይዛለች።

«ዛሬ አልሮጥኩም፣ እትዬ። አልተቻለኝም።»

«ደረቁን ነው ያመጣሽው?»

«ደረቁን።»

«ጎበዝ የኔ ልጅ። ለሐኪምሽ ደውለሽ ነግረሻታል?»

«ነግሬያታለሁ። ነገ ጠዋት ነይ ብላኛለች።»

«በይ እንግዲያው ተቀመጪ፣ ካልሲ አለ። ይሄ ሰውዬ ጨዋታ ይወዳል፤ አንቺ ስለፈቀድሽልኝ ታሪክሽን አጫወትኩት።»

ሽቦ በመካከላችን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ያጣመርኩትን ክምር አንድ በአንድ አነሳች፣ አየችው፣ መልሳ ፈታችው።

«እትዬ፣ እኚህ ሰውዬ እኮ ሰባትን ከሃያ ጋር አጋቡት» አለች።